ሣር የማያበቅለው ግቢ

አጎቴ ሰው ግቢ ሲገባ ቀድሞ ሰላምታ አይሰጥም ነበር። ቀድሞ ተረከዙን መሬቱ ላይ ደቃ ያደርግና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ነው «እንደምን ዋላችሁ» የሚለው። መሬቱ ደረቅ ድምፅ ከሰጠው ፊቱ ይፈታል። እንደ ረጠበ ጆንያ የታፈነ ድምፅ ከሰጠው ግን፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እየተጫወተም ልቡ ውጭ ነው። ሲወጣ «ከታች ውሃ ቋጥሯል» ይላል። በነጋታው ግቢውን ሊደለድል ጋሪውን ይዞ ይመጣል።

«ደልዳዩ» ያሉት ለዚህ ነው። እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ በከተማው አስተዳደር መዝገብ ቤት እሠራለሁ፣ ስብሰባ ሲኖርም ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ስለ እሱ ሰው የየራሱን ያወራል። ግማሹ ሰፈሩን ያስቆፈረ ይለዋል፤ ግማሹ ደግሞ አሁን ከሞተ በኋላ ክንፍ ሊያበቅልለት ይፈልጋል። ሁለቱንም አልነበረም። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትንም ከማን እንደሰማሁ እየጠቀስኩ ልጻፈው። ዛሬም በር ሲከፈት ከሰላምታው በፊት ያንን የተረከዝ ድምፅ እጠብቃለሁ።

ወደዚህ ከተማ የመጣው ጎረምሳ ሳለ ነው። መጀመሪያ ተሸካሚ ሆነ፣ ቀጥሎ የሰው ጋሪ ነዳ፣ በመጨረሻ የራሱን ጋሪና አንዲት ግራጫ ፈረስ ገዛ። ሰፈራችን ከከተማው ሁሉ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ከላይ ያለው ሰፈር በሙሉ ውሃውን እኛ ላይ ይለቀዋል። ልጅ ሆኜ አልጋችን ሥር የአባቴ ጫማ ሲንሳፈፍ፣ እናቴም ድስቷን ታቅፋ ወንበር ላይ ቆማ ስትራገም አስታውሳለሁ።

ከሰፈሩ ጫፍ አንድ የባትሪ ፋብሪካ ነበር። ያረጀ ባትሪ ይሰብራል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ ያቀልጣል፣ መልሶ አዲስ ባትሪ ይሠራል። ከምድጃው የሚወጣውን ጥቁር ዝቃጭ ከጓሮ ግንቡ ሥር ይቆልለዋል። ጠጠር ይመስላል፣ ግን ከጠጠር ይከብዳል፤ ውሃ ሲፈስበትም ወዲያው ያሰርገዋል። አጎቴ አንድ ቀን በረኛውን «ይህን የምትጥሉትን ልውሰደው?» አለው። በረኛው «ጠራርገህ ውሰድልን፤ እንመርቅሃለን እንጂ ምን እንልሃለን» ብሎ በሩን ከፈተለት።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በጥቁር አፈር ተደለደለ። ውሃው ቤት መግባቱን ተወ። ሴቶቹ አፈሩን አመስግነው አይጠግቡም ነበር። «ሣር አያበቅልም፣ ትል አይወጣበትም፣ አንዴ ከጠረጉት ጠራ ነው!» ይሉ ነበር። ግቢው ላይ አንዲት ቅጠል ብቅ ያለማለቷ የባለቤቲቱ ሙያ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን አውጥተው እዚያ ጥቁር ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡታል። ሣር ያልቻለውን መሬት ልጅ እንዴት ይችለዋል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም።

አንዲት ልጅ ጎጆ ስትወጣ ሌላው ሰው ሳህንና ብርድ ልብስ ይሰጣል፤ እሱ ጋሪ ሙሉ ጥቁር አፈር ይሰጣል። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። እሷ ስታገባ ግቢዋን አንዴ ደልድሎ አልበቃው ብሎ ደረበበት። «የሌላው አንድ እጅ ነው፤ ያንቺ ሁለት እጅ ነው» ይላት ነበር እየሳቀ።

ፋብሪካው ከተዘጋ ዓመታት አለፉ። ከተማው ቦታውን አጽድቶ መኖሪያ ቤት፣ የገበያ አዳራሽና የልጆች መጫወቻ ሊሠራበት ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው አስተያየት እንዲሰጥበት ሥዕሎቹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰቀሉ፤ የስብሰባ ቀንም ተቆረጠ። የሚጸዳው ቦታ በቀይ መስመር ተከቧል። መስመሩ የፋብሪካውን አጥር ተከትሎ ይዞርና ይገጥማል፤ ከአጥሩ አንድ ክንድ አይወጣም። ከመስመሩ ውጭ ያለነው ንጹሕ ነን ተብሎ ባለንበት እንድንቆይ፣ ከአዲሱ ገበያም የሱቅ ቦታ ቀድመን እንድናገኝ ተጽፏል። ሰው ደስ አለው።

አጎቴን ሥዕሎቹን እንዲያይ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ያኔ ፈረሷ ከሞተች ቆይታለች፤ እሱም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። አዳራሹ ውስጥ የአፈር መርማሪዋ፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ወጣት ሴት፣ ብርጭቆ ጠርሙሶች ደርድራ ቆማለች። በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ጥቁር ነገር አለ። አጎቴ እሱ ፊት ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ከፋብሪካው ግቢ የወጣ ዝቃጭ ነው አባባ። እርሳስ አለበት።»

አጠገባችን የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ቆሟል። ሥራው ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ሰው ሲያገኝ ሳይቀልድ አያልፍም። «እርሳስ? ይኼ የምንጽፍበት?» አላት።

«አይደለም፣ ብረቱ ነው። የባትሪው።»

«እኔማ ልጆቻችን ሁሉ ጸሐፊ ሊሆኑልን ነው ብዬ።»

የቆሙት ሳቁ። አጎቴ አልሳቀም። ጠርሙሱን አንስቶ በመዳፉ መዘነው። ስንት ክረምት በአካፋ ያነሳውን ነገር ክብደቱ ብቻ ይነግረዋል።

«ሣር ያበቅላል?»

«አያበቅልም።»

«ልጅ ቢጫወትበትስ?»

መርማሪዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በሕፃናት ነው የሚከፋው። እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ፣ አቧራው በዚያው ይገባል። ጭንቅላታቸውን ነው የሚጎዳው። አንዳንዱ ንግግር ይዘገይበታል፣ አንዳንዱ ትምህርት አልገባ ይለዋል። ሲያዩት የታመመ ላይመስል ይችላል። ደሙ ሲመረመር ነው የሚታወቀው።»

አጎቴ መልሶ ሲያስቀምጠው ጠርሙሱ ጠረጴዛውን መታ። ፀጉር አስተካካዩ ጠርሙሱን አየ፣ አጎቴን አየ፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እሱም ገብቶታል።

የአጎቴ የልጅ ልጅ ያኔ ሦስት ዓመት አልፏታል። አፏ ላይ ከ«እማ» እና ከ«እንቢ» ሌላ ቃል አልነበረም። «አባቷም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» እየተባለ ሲታለፍ ኖሯል።

በማግሥቱ ፀጉር አስተካካዩ የሰፈሩን ሰዎች ሱቁ ሰበሰበ። እኔ የከተማው ሠራተኛ ስለሆንኩ አልጠሩኝም፤ የነገረችኝ ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን ናት። እሷ ስትተርክ የሁሉንም ድምፅ እያስመሰለች ነው፤ ከቃለ ጉባኤ አይተናነስም።

«መስመሩ አጥሩ ላይ ቆሞልናል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ማበጠሪያውን እንደ ዱላ ይዞ። «አንድ ሰው ተነስቶ ጥቁሩ አፈር እኛም ግቢ አለ ቢል መስመሩ እኛን ውጦ ያልፋል። ለጊዜው ተነሱ ይሉናል። ለጊዜው ተብሎ የተነሳ ሰው ሲመለስ ያየ አለ?»

ያየ አልነበረም።

«እንግዲያው ዝም ነው። ጋሽ ደልዳይ፣ አንተ ደግሞ ወሬ ትወዳለህ። የስብሰባው ቀን ጥርስህን አሞሃል፣ እሺ?»

«ጥርስ የለኝም እኮ።»

«እንዲያውም ቀለለ።»

ሱቁ በሳቅ ተናወጠ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ልብስ አጣቢዋ ግን ልብ ብላለች፤ እሺ አላለም። እንቢም አላለም።

ከዚያ አጎቴ ወደ ልጁ ቤት ሄደ፤ ደግፌው የሄድኩት እኔ ነኝ። ልጁ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የሕፃኗን እግር ታጥባለች። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ጠቁሯል። ዛሬ ተረከዙን አልደቃም፤ በቀስታ ረግጦ ገባ።

«ደሟን አስመርምሪያት» አላት።

«ከዚያስ አባዬ?»

«ከዚያማ እናውቃለን።»

«ካወቅን በኋላስ? ባሌ ይህን ቤት በላቡ ነው የሠራው። አንድ ክፍል ነበር፣ ሁለት አደረገው። ከዚህ ብንነሳ ወዴት ልንወድቅ ነው?» ሕፃኗን በፎጣ ጠቀለለቻት። «በሞቴ፣ ስብሰባው ላይ ዝም በል። ሁሉም ዝም ብሏል።»

«እሷስ?»

ልጁ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሁለት እጅ ነው ያልከኝ አንተ ነህ» አለችው።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ የሕፃኗን መዳፍ ያዘ፣ ነጩን መሐረቡን አውጥቶ ጣት በጣት ጠረገላት። መሐረቡን አየው። የጠቆረውን ጎን ወደ ውስጥ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወጥተን መንገድ ጀመርን። ከዚያ፣ «ስብሰባው ላይ ሰው ያለው ሁሉ ይጻፋል?» አለኝ።

«ይጻፋል።»

«ተጽፎስ?»

«ለእያንዳንዱ አስተያየት በጽሑፍ መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው። ደንቡ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል።»

«እንቢ ቢሉስ?»

«እንቢ ያሉበትን ምክንያት መጻፍ አለባቸው።»

«ምክንያት መጻፍ ሰው ይከብደዋል» አለና ምርኩዙን አስቀድሞ ሄደ።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ሰብሳቢው ከከተማው የመጣ፣ ሰዓቱን አሥር ጊዜ የሚያይ ሰው ነው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እጽፋለሁ። አጎቴ ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ነው፤ ልጁ ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላው። ፀጉር አስተካካዩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ደጋግሞ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። ሰፈሩ ዕቅዱን እንደሚደግፍ፣ ሥራው ቶሎ እንዲጀመር እንደሚፈልግ ተናገረ። ተጨበጨበ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሊሰበስብ ሲል መርማሪዋ እጇን አነሳች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ከግንቡ ሥር ያለው የዝቃጭ ክምር ከጠበቅነው በጣም ያነሰ ነው። ፋብሪካው በሠራበት ዘመን ሁሉ ይህን ብቻ ሊያወጣ አይችልም። የቀረው ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ሰው አለ?»

አዳራሹ ጸጥ ረጭ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በሙያዬ ብዙ ጽፌአለሁ፤ «አስተያየት አልተሰጠም» ብለን ነው የምንጽፈው። እስክሪብቶዬን ወረቀቱ ላይ አስደግፌ ጠበቅሁ። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ።

የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። አጎቴ ተነስቷል።

«ጥርስህን!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ በጥርሱ መካከል።

«ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ይጻፍልኝ» አለ አጎቴ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ግን እንደማያውቀኝ ሰው ነው ያናገረኝ። «ጸሐፊዋ፣ ጻፊ። በዚህ አፈር ምክንያት ከቤቱ የሚነሳ ሰው፣ አፈሩ ወጥቶ ሲያልቅ ወደዚያው ወደ ቦታው ይመለስ።»

ሰብሳቢው ተቁነጠነጠ። «አባባ፣ እዚህ ቃል የምገባበት ሥልጣን የለኝም።»

«ቃል አልጠየቅኩም። አስተያየት ነው።»

«አስተያየት ከሆነ ይጻፍ።»

ጻፍኩት። እሱ እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀ፤ እስክሪብቶዬ መቆሙን ካየ በኋላ ነው የቀጠለው።

«የቀረው ዝቃጭ የሄደው በኔ ጋሪ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ሰው «እባክህ ቁጭ በል» አለ፣ ሌላው «የት የት? ስም ጥራ እንጂ!» አለ፣ ሌላዋ ሴት ለቅሶ ጀመረች። ፀጉር አስተካካዩ ዞሮ በጣቱ ጠቆመው። «ዓይንህን ላፈር! ስንት ዓመት አብረን ኖረን፣ ዛሬ ልትበትነን?»

አጎቴ እስኪበርድላቸው ጠበቀ። «የማንንም ግቢ ስም አልጠራም» አለ። «ሰው የራሱን ቤት ራሱ ያውቃል፣ ራሱ ይናገር። እኔ የራሴንና የልጄን ነው የምናገረው።» መሐረቡን ከኪሱ አወጣና መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠርሙሱ ጎን ዘረጋው። ጠቁሯል። «ይህ ከልጄ ልጅ መዳፍ የተጠረገ ነው። መርምሩት። የልጄን ግቢ ሁለት ጊዜ ደልድዬዋለሁ። ሣር አያበቅልም። እኔም እጄ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ።»

ዞሮ ልጁን አያት። ልጁ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በሰዎቹ መካከል እየተጋፋች ወጣች። በሩን ስትከፍተው ግድግዳውን መታው። አጎቴ አልተከተላትም፤ ጉልበቱ አይችልም ነበር። መቀመጫውን በእጁ እየዳበሰ ተቀመጠ።

ከዚያ ልብስ አጣቢዋ ተነሳች። እጆቿን ሽርጧ ላይ ታብሳ፣ «የኔንም ሞልቶልኛል። ገላግሉኝ» አለች። ከእሷ ቀጥሎ አንድ አናጢ፣ ከእሱ ቀጥሎ እናትና ልጅ። እያንዳንዳቸው የቤታቸውን ቁጥር ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። የቀሩት አልተነሱም። ፀጉር አስተካካዩ ክንዱን አጣምሮ ሥዕሉን እያየ ቀረ። ጓሮው ከሁላችንም ግቢ በፊት የተደለደለ ነው፤ ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ማንም አልተናገረም፣ አጎቴም።

መልሱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ከተማው ለእያንዳንዱ አስተያየት እንደ ደንቡ መልስ ጻፈ። ለአጎቴ አስተያየት የተሰጠው እንዲህ ይላል፤ «ተቀባይነት አግኝቷል። ሥራው ከመጠናቀቁ በፊት ራሱ ቀርቦ ግቢውን ያስመረመረ ነዋሪ አፈሩ እስኪወጣ ጊዜያዊ መጠለያ ተሰጥቶት ወደ ቦታው ይመለሳል።» ይህን እኔ ነኝ ያነበብኩለት። ድገሚልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት። 

ቀዩ መስመር ተሰበረ። ከአጥሩ ወጥቶ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቤቶችን ብቻ እየከበበ እንደተቀደደ መረብ ሆነ። የሕፃኗ ደም ተመረመረ፤ እርሳስ ተገኘበት። የልጁ ቤተሰብ ወደ መጠለያ ተነሳ። ልጁ አባቷን ማናገር ተወች። ስንቁን በሰው ትልክለታለች፤ ራሷ አትመጣም። በመንገድ ያለፈ ሁሉ ሰላም አይለውም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ገብቶ ፀጉሩን የሚቆርጥለት ስላጣ እኔ በመቀስ አስተካክለው ነበር፤ አበላልጬው ሲያይ፣ «አንቺ ጻፊ፣ ይህን ተይው» አለኝ። በዚያ ወራት ያሾፈው ይህን ብቻ ነው።

የራሱ ግቢ ሲቆፈር ምርኩዙን ይዞ ቆሞ አየ። ጥቁሩ እስኪያልቅ፣ ቀይ መሬት እስኪታይ ድረስ አልተቀመጠም። የልጁ ተራ ሲደርስ ግን አልጋ ይዞ ነበር። ልጁ ከመጠለያ ከተመለሰች በኋላ ሁለት ጊዜ መጣች። መጀመሪያ የመጣች ቀን በሩ ላይ ቆማ ሄደች። ሁለተኛ ቀን ገባች፣ እግሩን በሞቀ ውሃ አጠበችለት። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ ከደጅ ነው የቆየሁት። ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። በዚያ ሳምንት አረፈ።

ሊያስተዛዝን የመጣው ሰው የተቀመጠው በልጁ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከመጠለያ ከተመለሰች ጥቂት ሳምንታት ሆኗታል። በአዲሱ አፈር ላይ፣ ማንም ሳይዘራው፣ ሣር በቅሏል። እናቶቹ በልማድ ሊነቅሉት እጃቸውን እየሰደዱ ይመልሱታል። ሕፃኗ በባዶ እግሯ ትሮጥበታለች። ከእኩዮቿ ንግግሯ ዛሬም ያንሳል፤ ሐኪሙ የጎደለው ሁሉ ይመለሳል አላለንም። ግን ቃላት ይዛለች፤ በያዘቻቸውም ሰው ታዛለች።

ወደ ማምሻው ፀጉር አስተካካዩ መጣ። የአንዱ ልጁ ልጅ፣ አምስት ዓመቱ፣ በዚያ ሰሞን ከትምህርት ቤት «አይከታተልም» ተብሎ ወረቀት ተልኮበታል፤ ይህንንም የነገረችኝ ልብስ አጣቢዋ ናት። በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ፣ ሳላስበው፣ እንደ አጎቴ ተረከዙን መሬቱ ላይ ደቃ አደረገ። ድምፅ አልሰጠውም፣ ሣሩ ዋጠው። ገብቶ ተቀመጠ። ቆይቶ መዳፉን ሣሩ ላይ አሳረፈው።

«ዘርተሽው ነው?» አላት የአጎቴን ልጅ።

«ራሱ ነው የበቀለው።»

«ራሱ» አለ እሱም። መዳፉን አነሳ። «የዚያች የአፈር መርማሪ ስልክ አለሽ?»

ልጁ ወደ እኔ አየች። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። የጽዳቱ ሥራ ገና አልተጠናቀቀም፤ ግቢውን ለማስመርመር ጊዜ ነበረው። ያንን ነገርኩት። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ሲከት ሕፃኗ መጥታ ፊቱ ቆመች። ጥፍሮቹን ተመለከተች፤ ጥግ ጥጋቸው ጠቁሯል።

«እጅህን ታጠብ» አለችው።

ሳቅ ያመለጠው ሰው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን ተነሳ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። የአጎቴ ልጅ በጆግ ውሃ አመጣችና አፈሰሰችለት፤ የሚወርደው ውሃ ሣሩን እንዳይነካው በእግሯ ባልዲውን ሥሩ አስጠጋች።